የ36,000 ብር ዕዳዬን እንዴት ጨረስኩት

ካቻምና ለእናቴ ሕክምና ከአክስቴ ልጅ 36,000 ብር ተበደርኩ። «ሲኖርህ ትሰጠኛለህ» አለኝ። እንቅልፍ የሚነሳው እንዲህ ያለው ብድር ነው፤ ቀን የለውማ!

ሦስት ወር ሙሉ ከደመወዜ የሚተርፈውን ልሰጠው ብጠብቅ ምንም አልተረፈም። በአራተኛው ወር እያንዳንዷን ወጪ ደብተር ላይ መዘገብኩ። ጉዱ ያለው ፒያሳ፣ ቢሮዬ ደጃፍ ነበር፦ ጠዋት ማኪያቶ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሌላ፣ በዚያ ላይ «ሒሳቡ በኔ ነው» የምላት ጉራዬ።

የጠዋቱን ማኪያቶ አልተውኩትም፤ እሱን ብተው ሁሉንም በሳምንት እንደምጥለው አውቃለሁ። ምሳ ግን ከቤት መያዝ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሽሮው ቀጥኖ እንጀራውን አበሰበሰው፣ ቦርሳዬም ዘይት በዘይት ሆነ። አሁን ወፈር አድርጌ እሠራና ሲበርድ ነው ምሳ ዕቃው ውስጥ የማደርገው፤ እንጀራውን ለብቻ በፌስታል። ለረቡዕና ዓርብም ያው ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲቀር።

ዋናው መፍትሔ ግን እቁብ ነው። 12 ሰዎች፣ በወር 3,000 ብር። ሁለተኛው ወር ላይ ዕጣ የወጣለት ባልደረባዬ ተራውን ለቀቀልኝ፤ ዳኛው ዋስ ጠየቀኝ፣ አመጣሁ። ብሩን በቀጥታ ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት። ቀሪውን አሥር ወር ለእቁቡ ስከፍል ያው ዕዳ ነበር፤ ግን ቀን ያለው።

የመጨረሻውን 3,000 ሰኔ ላይ ከፈልኩ። ምሳ ዕቃው አሁንም አለ፤ ባልደረቦቼ ሽሮዋን ለምደዋት ሁለት እንጀራ ጨምሬያለሁ።