ኢንተርን ከመውጣታችሁ በፊት የመጨረሻዋን ጥያቄ እዩ

የሕዝብ አስተያየት የሚያጠና ተቋም ውስጥ ኢንተርን ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ሲቪ ከማሳመራችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። አፍሮባሮሜትር የሚባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአፍሪካ አገሮች ሰውን ፊት ለፊት እየጠየቀ ነው። ዳታው ከድረ ገጹ በነፃ ይወርዳል። ኢትዮጵያም አለችበት።

መጠይቁን አውርዱና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሂዱ። «ለመሆኑ ማን የላከን ይመስልዎታል?» የምትል ጥያቄ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ሳያት ለወግ የገባች መስላኝ ነበር። ለካስ ቁም ነገሩ እሷ ጋ ነው! «መንግሥት ነው የላካችሁ» ብሎ ያሰበ ሰው ስለ መሪዎቹ ሲጠየቅ አፉን ሊቆጥብ ይችላላ።

እንግዲህ ዳታውን ኤስፒኤስኤስ (SPSS) በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ክፈቱ። መላሾቹን በዚህች ጥያቄ ለሁለት ክፈሏቸውና ስለ መሪዎቻቸው ያሉትን አነጻጽሩ። ልዩነት ካያችሁ «ፍርሃት ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። ከተማና ገጠሩን፣ የትምህርት ደረጃውንም ለይታችሁ እዩ። «አላውቅም» ያሉትን ደግሞ እንዳትጥሏቸው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዝም ያለው ማን እንደሆነ ማወቅ ራሱ ግኝት ነው።

አንድ ሠንጠረዥና ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ይበቃል። ከማመልከቻችሁ ጋር አያይዙት።