ጎንደር ለጥምቀት ለተወደደባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ጎንደር ያለ ሰው ስልኩ አያርፍም። "ቲኬት አጣሁ"፣ "አልጋ ፈልግልኝ"፣ "ለአንድ ሌሊት ይሄን ሁሉ?" የሚል ዘመድና ጓደኛ ይበዛል። የአብዛኛው ችግር መነሻ አንድ ነው። ሰው መጀመሪያ ቀኑን ይቆርጣል፣ ዋጋ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም የሚቆርጠው ደግሞ ያንኑ ቀን ነው።

ችግር፦ የአውሮፕላን ቲኬት ወይ የለም፣ ወይ አይቀመስም

ምክንያት፦ ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። እንግዳው ሁሉ ጥር 9 ልግባ፣ ጥር 13 ልውጣ ይላል። የአንድ አውሮፕላን ወንበር ደግሞ ሁሉም በአንድ ዋጋ አይሸጥም። ርካሹ ቀድሞ ያልቃል። ዘግይቶ የመጣ የተረፈውን በውድ ይገዛል።

መፍትሄ፦ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ለምሳሌ ጥር 6 ብትገቡ በማግስቱ የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዳችሁ ታነግሣላችሁ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ ለማየትም ጊዜ ይኖራችኋል፤ በጥምቀት ግርግር ይህ አይገኝም። ሆቴል ለሚያድር ሰው ግን የአልጋው ወጪ የቲኬቱን ቅናሽ ሊበላው ይችላል፣ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ዘመድ ቤት ለሚያርፍ ግልጽ ትርፍ ነው።

ወደ አዘዞ፣ ማለትም ወደ ጎንደር አየር ማረፊያ፣ የሚበረው ከሞላ ባሕር ዳርን ሞክሩ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው። በዋዜማው መስመሩን የሚመላለስበትን ሰው ጠይቁ። ካላማራችሁ ቅናሹ ይቅር። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ የአገር ውስጡን ቲኬት ለብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ከዓለም አቀፉ ጋር አብሮ ሲያዝ ስንት እንደሚሆን አየር መንገዱን ጠይቁ።

ችግር፦ "ጥምቀት አመለጠኝ"

ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይደርሳል። ጥምቀት ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው ብሎ የያዘ ብዙ ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 20 ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፣ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 19 ማታ መመለሻ የቆረጠ ሰው ታቦቱን ሸኝቶ ጥምቀቱን ሳያይ ይሄዳል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የኛን ካሌንደር ግለጡ፣ ቲኬት ከዚያ። ሰዓቱም ያው ነው። ቲኬቱ ላይ 07:00 ካለ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ የኛ ሰባት ሰዓት አይደለም።

ችግር፦ አልጋ የለም፣ ያለውም ዋጋው ሰማይ ነክቷል

ምክንያት፦ ሁሉም ፒያሳ ወይም ጥምቀቱ የሚከበርበት ፋሲል መዋኛ አጠገብ ማደር ይፈልጋል። እዚያ ያሉትን ክፍሎች አስጎብኚ ድርጅቶች ቀድመው ይይዟቸዋል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፣ ከየአገሩ የሚመጣው ሠርገኛም አልጋ ይፈልጋል።

መፍትሄ፦ ከመሃል ውጡ። ማራኪና አዘዞ በኩል ፈልጉ። ብዙ ፔንሲዮን ኢንተርኔት ላይ የለም፣ ስለዚህ ከተማው ውስጥ የምታውቁት ሰው በእግሩ ሄዶ ይጠይቅላችሁ። ክፍሉን ያያል፣ ሙቅ ውሃውን ከፍቶ ያረጋግጣል፣ ቀብድ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል። በቃል "ይዤላችኋለሁ" የተባለ አልጋ ከተራ ዕለት ለሌላ ሰው ይሰጣል። አዘዞ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ ለጥምቀት ሌሊት መኪና ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በዚያ ሌሊት ባጃጅ ፍለጋ መውጣት ቦታ ማጣት ነው። መዋኛው ዙሪያ ሰው የሚሞላው ገና ሳይነጋ ነው።

ችግር፦ ሰሜን ተራሮችና ጎርጎራ ለሁለት ሰው ብዙ ተጠየቅን

ምክንያት፦ ዋጋው በነፍስ ወከፍ አይደለም። ባለመኪናው የሚያስበው ነዳጁንና ቀኑን ነው። ስካውቱም፣ የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ ማለት ነው፣ ለቡድን ነው የሚመደበው። ከጎርጎራ ወደ ጣና ገዳማት የሚወስደው ባለጀልባም ያው ነው፣ ሁለት ሰው ጫነ አሥር ሰው ጫነ ቤንዚኑ አይለወጥም።

መፍትሄ፦ ቀናችሁን ለሌሎች አመቻቹ። "ማክሰኞ ብቻ" ከምትሉ "ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚሄድ ካለ ደርቡን" በሉ። ለሰሜን፣ መንገዱ ደህና ከሆነ፣ እስከ ደባርቅ በሕዝብ ማመላለሻ ሂዱ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስካውቱንና አስጎብኚውን እዚያው ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትጨርሳላችሁ። ጎርጎራ ላይ ደግሞ ጀልባው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሒሳቡን ቁረጡ፦ ደርሶ መልስ ነው ወይ? ስንት ሰዓት ይጠብቃል? በጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት ጣና ንፋስና ማዕበል ያበዛል። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስላሉ ይህንንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ደብረ ሲና ማርያም እዚያው የብስ ላይ ስለሆነች ጀልባ አያስፈልጋትም።

ችግር፦ ይሄን ሁሉ አድርጌም አቅሜ አልቻለም

እንግዲያው ጥምቀትን ለሌላ ዓመት አቆዩት። ፋሲል ግንብ ጥር ብቻ አይደለም የሚከፈተው። የኔ ምርጫ ኅዳር መጀመሪያ ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ተራራው ገና አልደረቀም፣ ኅዳር 6 ደግሞ የቁስቋም በዓል ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሳይገባ ስለሆነ ጥሬ ሥጋችሁም አይቀርባችሁም።

ችግር፦ በቴሌግራም በግማሽ ዋጋ ቲኬት አገኘሁ

አላገኛችሁም። ክፍያው በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ከሆነ ተዉት። የከፈላችሁ ከሆነ ደግሞ የቲኬት ኮዱን አየር መንገዱ መተግበሪያ ላይ ዛሬውኑ አስገቡ። ስማችሁ ካልመጣ ወደ ባንኩ ደውሉ፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ።