ኮፍያው ለምን ዓይን ይሸፍናል? የእጅ ሹራብ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ጀማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለም ነው። ስለ ልክ የሚጠይቀኝ ኮፍያው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከልክ እጀምራለሁ።

ናሙና ሳይሠሩ መጀመር። ናሙና ሥሩ ስል ፊቱን የማያጨልም ተማሪ ብዙም አላየሁም። ቁራጭ ሠርቶ መለካት ክር ማባከን ይመስላቸዋል። ክሩ እኮ ይተረተርና ተመልሶ ይጠቀለላል! የሚባክነው ሳትለኩ በሠራችሁት ኮፍያ ላይ ያለፈው ምሽት ነው። በክሩ ወረቀት ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ይህን ያህል ቀለበት (መርፌው ላይ የሚሰለፈው እያንዳንዱ የክር ዓይን) ይወጣል ተብሎ የታተመውን ቁጥር አይተው «ተጽፏል እኮ» የሚሉኝም አሉ። ተጽፏል፤ ግን የእናንተን እጅ አይቶ የጻፈ የለም። አንዷ ክሩን ጠበቅ ታደርጋለች፣ ሌላዋ ላላ ታደርጋለች፤ በአንድ ክርና በአንድ መርፌ ሁለት የተለያየ ስፋት ይወጣል።

ስሌቱ ይኸውና። ወረቀቱ 20 ቀለበት ይላል እንበል። ጀማሪዋ የአባቷን ራስ ለክታ 56 ሴንቲ ሜትር አገኘች፤ 112 ቀለበት ጀመረች። እጇ ግን ላላ ያለ ስለሆነ በ10 ሴንቲ ሜትር የሚወጣላት 18 ብቻ ነው። ኮፍያው 62 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ያርፋል። ይህ የፈጠራ ምሳሌ አይደለም፤ አንዲት ተማሪዬ ደብረ ብርሃን ለሚኖሩት አባቷ የላከችው ኮፍያ እንዲሁ ሆኖ እስከ አፍንጫቸው ወረደ። ልጃቸውን ማስከፋት ያልፈለጉት አባት በውስጥ ሻሽ ጠምጥመው ከላዩ ደፉት። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ሁለቱም ሳያስፈልጓቸው አልቀሩም።

ናሙናው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይስፋ። ዳርና ዳሩ ስለሚጠቀለል መካከሉን ለኩ። ኮፍያውን ማጠባችሁ ስለማይቀር ናሙናውንም አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ለኩት።

የራስን ልክ እንዳለ መውሰድ። ሹራብ ይለጠጣል። ኮፍያ ራስ ላይ የሚቆመው ከራሱ ጠበብ ሲል ነው፤ ለ56 ሴንቲ ሜትር ራስ 52 ይበቃል። በ20 ቀለበት ስሌት 104 ማለት ነው።

የመጀመሪያውን መስመር ማነቅ። ግንባር ላይ ቀይ መስመር የሚያትመው ይህ ነው። መጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ወፈር ያለ መርፌ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ወደ ቀጭኑ ተመለሱ።

ዙሩን ሲያገናኙ ማጣመም። ኮፍያው ክብ እንዲሆን የመጀመሪያውን መስመር ሁለት ጫፍ ከማገናኘታችሁ በፊት ቀለበቶቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መዞራቸውን እዩ፤ ከተጣመመ መተርተር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ይሞቃል ብሎ ማጥበቅ። ሙቀቱን የሚይዘው በክሩ መካከል የታሰረው አየር ነው። እንደ ካርቶን የጠነከረ ሹራብ አየር የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ ጆሮም ላይ አያርፍም።

የክር ምርጫ ብዙ ያነጋግራል። ጥጥ ይለጠጥና አይመለስም፤ ሲረጥብም ይቀዘቅዛል፤ ለብርድ ኮፍያ አልመክረውም። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ ለማጠብም አያስቸግርም። ሱፍ ግን ትንሽ ሲረጥብም ሙቀቱን አይጥልም። የመንዝ በግ ጸጉር ባናና ዝተት የሚሠራበት ጠንካራ ጸጉር በመሆኑ ግንባር ይበላል፤ እሱን ከወደዳችሁ ከውስጥ ለስላሳ ገበር ስፉለት። ደግሞም ክሩን ሁሉ በአንድ ቀን ግዙ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም ምድብ ቁጥርም አንድ ይሁን። ዛሬ አንድ ጥቅልል፣ በወሩ ሌላ የገዛ ሰው ኮፍያው መሐል ላይ መስመር ያገኛል፤ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰለው ቀለም ፀሐይ ላይ ይለያያል።

አናቱን አዘግይቶ ወይም አጣድፎ መዝጋት። የዘገየው ይሾላል፤ የተጣደፈው ደግሞ ይጨማደዳል። 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትደርሱ 104ቱን ቀለበት በስምንት ክፈሉ፤ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። በየክፍሉ መጨረሻ ሁለቱን አንድ አድርጉ። እንዲህ እያደረጋችሁ፣ አንድ ዙር ቀንሳችሁ አንድ ዙር ሳትቀንሱ እየሠራችሁ 56 እስኪቀር ሂዱ፤ ከዚያ ስምንት እስኪቀር በየዙሩ ቀንሱ። ክሩን በስምንቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡና እሰሩ። ጠርዙ ወደ ላይ እንዲታጠፍ የምትፈልጉ ከሆነ መቀነስ ሳትጀምሩ 6 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ።

የቀረው እጥበት ነው። ሱፍን በሙቅ ውኃ ያሸ ሰው የአባቱን ኮፍያ ለአሻንጉሊት ያወርሳል። አክሪሊክን የተኮሰ ደግሞ መለጠጡን ይገድለዋል። ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ፣ ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጨምቃችሁ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጥላ አድርቁት። በገመድ ላይ ከሰቀላችሁት ውኃው ወደ ታች ይጎትተዋል፤ በናሙና የለፋችሁበት 52 ሴንቲ ሜትርም አብሮ ይሄዳል።