ኩባያው ነው ጥፋተኛው፦ የእርጎ ልኬት ሲምታታ

ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና እሳት ዳር መዋል ደስ ይላል። በዚህ ሰበብ የእርጎ ኬክ ልጋግር ብዬ ተነሳሁ። ላዩ ቀላ፣ መሃሉ ግን ሊጥ እንደሆነ ቀረ። ሁለት ቀን ምድጃውን ስረግም ከርሜ ጥፋተኛውን አገኘሁት፤ ኩባያዬ ነበር።

እርጎ ከውሃ የሚከብደው ለትንሽ ነው። 100 ሚሊ ሊትር እርጎ 103 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሚሊ ሊትሩን ወደ ግራም ለመቀየር በ1.03 ማባዛት፣ ግራሙን ወደ ሚሊ ሊትር ለመመለስ ለ1.03 ማካፈል ነው። ለቤት ኬክ እኩል ናቸው ብትሉም ጉዳት የለውም። ስለዚህ ነገር ሲበላሽ ስሌቱን ትታችሁ ዕቃውን ጠርጥሩ።

መሃሉ ሊጥ ሆኖ ቀረ

የአሜሪካ የምግብ አሰራር "አንድ ኩባያ" ሲል 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለቱ ነው፤ እርጎው 245 ግራም ይሆናል። ሌላ አገር ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር ነው። የእኛ ቤት የቆርቆሮ ኩባያ ግን ማንንም አያውቅም። የእኔው እስከ አፉ ሲሞላ 400 ሚሊ ሊትር ያዘ! ኬኩ ምን ያድርግ?

መፍትሄው ቀላል ነው። የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ፈልጉ። የያዘውን ውሃ ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ላይ እኩል አካፍሉት። አንዱ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። ሚዛን ካላችሁ ደግሞ ባዶውን ኩባያ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት፣ ከዚያ ውሃ ሙሉበት። የውሃው ግራም ስንት ከሆነ ኩባያው የሚይዘው ሚሊ ሊትር ያው ነው።

ሊጡ ደረቀ

ወፍራም እርጎ በማንኪያ ሲጨመር ከስር አየር ይታፈናል። ኩባያው የሞላ ይመስላል እንጂ አልሞላም። ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉና በቢላ ጀርባ አስተካክሉት። ኩባያው ግድግዳ ላይ የቀረውንም በጣት ጠርጉት፤ ማንም አያያችሁም።

ሚዛኑ ልክ ነው፣ ሊጡ ግን ቀጠነ

እዚህ ላይ ቁጥር አያድንም። የቤት እርጎ ቀጭን ነው፣ የምግብ አሰራሩ ያሰበው ወፍራሙን ይሆናል። ሁለቱም 245 ግራም ሊመዝኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱ በውስጣቸው ያለው ውሃ ነው። እርጎውን በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ቀዝቃዛ ቦታ ለጥቂት ሰዓት አንጠልጥሉት። የምትመዝኑት ከተንጠፈጠፈ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም። የወረደውን ውሃ አትድፉት፤ የዳቦ ሊጥ አቡኩበት።

ኦንስ የሚል ካጋጠማችሁ

8 ኦንስ በክብደት 227 ግራም ነው፣ በፈሳሽ መለኪያ ግን 237 ሚሊ ሊትር። በእርጎ ልዩነቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ አትጨነቁ። ይልቅ የእርጎን ቁጥር ለዱቄት አትዋሱ። አንድ ኩባያ ዱቄት ከ120 እስከ 125 ግራም ብቻ ነው።

ሁሉም ልክ ሆኖ ኬኩ ከሰመጠ

እርጎውን ተዉት። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይበስል ይወድቃል። በየአንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ቀንሱ። ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ ሳትቀንስ ትጋግራለች፣ ወድቆባትም አያውቅ።