በስፔን ገጠር ለመሮጥ፦ መንገድ አመራረጥ፣ ሰዓት፣ ውሃና ውሻ

ባርሴሎና ባሕር ዳርቻ ላይ ሶምሶማ ማለት ማንም ያደርገዋል። እዚህ የምናወራው ስለ ገጠሩ ነው። ስለ ስንዴ ማሳው፣ ስለ ጥድ ጫካው፣ ኮረብታ አናት ላይ ስለተሰቀሉት ትንንሽ ከተሞች። መንገዱ ሞልቷል፤ የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። ብዙ ሰው ካርታ ይከፍትና በኪሎ ሜትር ይመርጣል። "10 ትበቃኛለች" ይልና ይወጣል፤ ከዚያ 10 ኪሎ ሜትሯ አንድ ዛፍ የሌለባት፣ አንድ ቧንቧ የሌለባት ሜዳ ሆና ትጠብቀዋለች።

እኔ የምለው፣ ከኪሎ ሜትሩ በፊት መንገዱ ድሮ ለምን እንደተሠራ እዩ። ለባቡር ነው? ለጀልባ? ለተሳላሚ? ለበግ? መልሱን ካወቃችሁ ዳገቱንም፣ ውሃውንም፣ ጥላውንም ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው።

1. መንገዱን በድሮ ሥራው ምረጡ

ባቡር ዳገት አይወድም። ስለዚህ ለጀማሪም፣ ጉልበቱን ለሚያመውም የሚመቸው የድሮ ባቡር መስመር ነው። ስፔን ከ1993 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተተዉ መስመሮችን ለእግረኛና ለብስክሌት ስትቀይር ቆይታለች። "ቪያ ቬርዴ" ይሏቸዋል፣ አረንጓዴ መንገድ። ዛሬ ሲደመሩ ከ3,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ።

ከሁሉም የምወደው ደቡብ ላይ፣ አንዳሉሲያ ውስጥ ያለው ቪያ ቬርዴ ዴ ላ ሲዬራ ነው። ከኦልቬራ ተነስቶ ፑዌርቶ ሴራኖ የሚደርስ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ 30 ዋሻና 4 ትልልቅ ድልድይ አለው። የሚገርመው ባቡር አንድም ቀን አላለፈበትም። ሥራው በ1920ዎቹ ተጀመረ፣ ገንዘብ አጠረ፣ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፣ በቃ እንደዚያው ቀረ። ኦልቬራ ራሷ ነጭ በነጭ ናት፤ ከላይ የሙሮች፣ ማለትም ከሰሜን አፍሪካ የመጡት ሙስሊሞች፣ ዘመን ግንብ፣ አጠገቡ ቤተ ክርስቲያን። መንገዱ ላይ ወደ ሳፍራማጎን ቋጥኝ ስትቃረቡ ቀና በሉ፤ ጥንብ አንሳ በመንጋ ያንዣብባል።

ሙሉውን መሮጥ አያስፈልግም። ከኦልቬራ ተነስታችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ሄዳችሁ ተመለሱ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መንገዱ ወደ ፑዌርቶ ሴራኖ በጣም በቀስታ ይወርዳል፣ ዓይን አያየውም፣ እግር ግን ያውቀዋል። ስትሄዱ ፈጣን የሆናችሁ ይመስላችኋል፤ ስትመለሱ ሒሳቡን ትከፍላላችሁ። የራስ ባትሪ ያዙ። ረጅሙ ዋሻ 1 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው፤ አንዳንዱ ዋሻ መብራት ቢኖረውም አትመኑት። ውጭ ላብ በላብ ሆናችሁ ስትገቡ ቅዝቃዜው ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ ስለዚህ ስስ ጃኬት ወገባችሁ ላይ እሰሩ።

የጀልባ ቦይ ደግሞ ከባቡርም ይብሳል፦ ፍጹም ሜዳ ነው። ሰሜን ላይ ያለው ካናል ዴ ካስቲያ በ1753 ተጀምሮ በ1849 የተጠናቀቀ፣ 207 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእህል ማጓጓዣ ቦይ ነበር። በቅሎዎች ዳር ዳሩን እየሄዱ ጀልባውን በገመድ ይጎትቱ ነበር። ያ የበቅሎ መንገድ ነው ዛሬ የምትሮጡበት። ከቦአዲያ ዴል ካሚኖ እስከ ፍሮሚስታ ያለችው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሩጫ የተሠራች ነው የምትመስለው፤ ረጋ ያለ ውሃ በአንድ በኩል፣ ማሳ በሌላ በኩል፣ እግር ስር ለስላሳ አፈር። ቦአዲያ አደባባይ ላይ ወንጀለኛ ይታሰርበት የነበረ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ዓምድ ቆሟል፤ እዚያ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ፍሮሚስታ ስትደርሱ ቦዩ በአንዴ 14 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጀልባ በደረጃ የሚያወርዱ 4 እንቁላል ቅርጽ ያላቸው የድንጋይ ገንዳዎች ተደርድረዋል፣ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው ይንደቀደቃል። ከዚያ ወደ ከተማው ዘልቃችሁ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የሳን ማርቲን ቤተ ክርስቲያን እዩ። ከጣሪያው ስር ዙሪያውን የሰውና የእንስሳ ፊት ተቀርጿል።

ይቺው 6 ኪሎ ሜትር ወደ ሳንቲያጎ ከተማ የሚወስደው የተሳላሚዎች መንገድ፣ የካሚኖው ክፍል ናት። የተሳላሚ መንገድ ጥቅሙ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ መንደር፣ ቡና ቤትና ቧንቧ ማግኘታችሁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሰው መብዛቱ። በተለይ በሰሜን ምዕራብ፣ ጋሊሲያ ውስጥ፣ ከሳሪያ ከተማ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ነው የሚመስለው። እዚያ ከሰዓት በኋላ ሩጡ፤ ተሳላሚው ማደሪያው ገብቶ እግሩን እያሸ ነው። ከኋላ ስትመጡ አስቀድማችሁ ድምፅ አሰሙ፣ "ቡዌን ካሚኖ" (መልካም መንገድ) በሉና እለፉ። 600 ኪሎ ሜትር የተጓዘን ሰው በክርን ገፍቶ ማለፍ ነውር ነው።

የበግ መንገድ ለጠና ሰው ነው። የመሃል ስፔን ደጋ ሜዳ በሆነችው ካስቲያ ውስጥ በጎች ክረምትና በጋ እየተፈራረቁባቸው የሚነዱባቸው "ካኛዳ" የሚባሉ ጎዳናዎች አሉ። ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ1273 የከብት አርቢዎቹን ማኅበር ካወቀላቸው ጀምሮ የተጠበቁ ናቸው፤ ትልልቆቹ ስፋታቸው 75 ሜትር ነው። የሕዝብ ንብረት ስለሆኑ ማንም አይከለክላችሁም። ጥላ ግን አትጠብቁ።

2. ሰዓቱን ከአገሬው ጋር አስማሙ

ስፔን ሰዓቷን ከበርሊን ጋር አንድ አድርጋለች፣ ፀሐይዋ ግን ከዚያ በጣም ትዘገያለች። ጥር ላይ ካስቲያ ውስጥ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል (በእነሱ 8፡30) ሙሉ በሙሉ አይነጋም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐይ አለች። በእነሱ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ማለዳ ብቻ ሩጡ። ማታ ይቀዘቅዛል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሸወዳል፤ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ አንዳሉሲያ ገና ምድጃ ናት። ለእኔ ምርጡ ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ጥቅምትም ጥሩ ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው "የካስቲያ 1,000 ሜትር ከፍታ ምን አላት" ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ትንፋሽ አይቸግርም። የሚጥለው ሙቀቱ ነው።

3. ምልክቱን ማንበብ

ቀላል ነው። ነጭና ቀይ መስመር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ረጅም መንገድ ነው። ነጭና ቢጫ ከ10 እስከ 50። ነጭና አረንጓዴ ከ10 በታች፣ የእናንተ የጠዋት ሩጫ ማለት ነው። ቀለሞቹ ተጣምረው መስቀልኛ ከተሳሉ ተሳስታችኋል፣ ተመለሱ። ቢጫ ቀስት ካያችሁ ካሚኖ ላይ ናችሁ፤ ቀስቶቹን በ1984 መቀባት የጀመሩት ኤሊያስ ባሊኛ የተባሉ የገጠር ቄስ ናቸው። ካርታውንም ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ነው።

4. ውሃና የሚበላ

በየመንደሩ አደባባይ ፏፏ የሚል ምንጭ አለ። ከመጠጣታችሁ በፊት ጽሑፉን እዩ፤ "ኖ ፖታብሌ" (አይጠጣም) ካለ አትንኩት። ቡና ቤት ከገባችሁ ደግሞ የቧንቧ ውሃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ የ2022 ሕግ ነው። እኔ ግን ቡና አዝዤ ነው የምጠይቀው፣ ያምራል። ሱቅ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ይዘጋል፤ እሑድ ጭራሽ አትቁጠሩበት። ቴምር ወይም ቆሎ ኪሳችሁ ውስጥ ቢኖር አይከብድም።

5. ውሻ፣ በር፣ አዳኝ

የበግ መንጋ ካያችሁ ሩጫውን አቁሙ። መሃላቸው ማስቲን የሚባል ጥጃ የሚያክል ውሻ ይኖራል፣ ከተኩላ ሊጠብቅ ነው የተቀመጠው። ቀስ ብላችሁ እየተራመዳችሁ በሰፊው ዙሩ፤ በእሱና በበጎቹ መካከል አትግቡ። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት የኛ አገር ዘዴ ናት፣ እዚህ ነገር ታባብሳለች።

የከብት በር ተዘግቶ ካገኛችሁ አልፋችሁ መልሳችሁ ዝጉት፣ ተከፍቶ ካገኛችሁ ተከፍቶ ይቆይ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ገደማ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ፣ አደን አለ። ግማሿ ጥቁር ግማሿ ነጭ የሆነች ትንሽ ቆርቆሮ ካያችሁ የአደን ክልል ነው። ደማቅ ልብስ ልበሱ። ዛሬ አደን አለ የሚል ማስታወቂያ መንገዱ ላይ ከተተከለ ክርክር የለም፣ ዙሩ ወደ ቤት።

6. ለመጀመሪያ ቀን፦ ሴጎቪያ

የት ልጀምር ለሚል ሰው መልሴ ሴጎቪያ ነው። ከማድሪድ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጣቢያው ከከተማው ራቅ ይላል፣ አውቶቡስ ያዙ። የሮማውያኑ የውሃ ድልድይ ስር፣ አሶጌሆ አደባባይ ላይ ትወርዳላችሁ። ቁመቱ 28 ሜትር፤ ድንጋዮቹ ያለ ምንም ማያያዣ ነው የተደራረቡት። ጫማችሁን እዚያ እሰሩ።

ወደ ሳን ሎሬንሶ ሰፈር ውረዱና የኤሬስማን ወንዝ ያዙ። በዛፍ ጥላ እየሮጣችሁ የፓራል ገዳምን፣ ቀጥሎ ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ ያሠራውን የሳንቲም ማምረቻ ታልፋላችሁ። ፉዌንሲስላ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስትደርሱ አልካሳር ግንብ ከገደሉ ጫፍ ላይ እንደ መርከብ አፍንጫ ብቅ ይላል። አጭር ዳገት አለች፣ ወደ ቬራ ክሩስ የምታወጣ፤ በ1208 የተባረከች 12 ማዕዘን ያላት ቤተ ክርስቲያን ናት። ትንፋሽ ሰብስባችሁ ዞር በሉ፦ ከተማዋ በሙሉ ፊት ለፊት ናት።

ስትመለሱ በደቡብ በኩል የክላሞሬስን ሸለቆ ይዛችሁ በጥዶቹ መሃል ውጡ፣ በሳን አንድሬስ በር ግቡና በአሮጌው ከተማ አቋርጡ። ሁሉም ተደምሮ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ነው። ውስጥ ያለው ኮብልስቶን በእግር ብዛት ልሟል፤ ዝናብ ከነካው ሳሙና ነው፣ ቁልቁሉን ተራመዱት።

የአገራችን ሯጭ ያሸነፈበትን ቦታ ለማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሴቪያ አጠገብ ሳንቲፖንሴ አለች። የኢታሊካ አገር አቋራጭ ውድድር በየዓመቱ በሮማውያኑ ፍርስራሽ ከተማ ውስጥ ይካሄዳል፤ ቀነኒሳ በቀለ ያሸነፈበት ነው። ፍርስራሹን ለመጎብኘት ብቻ ከሆነ ሰኞ አትሂዱ፣ ዝግ ነው።

ሴጎቪያ ላይ ስለ ምሳ አንድ ነገር ልጨምር። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ የአሳማ ግልገል ጥብስ ነው፣ ለብዙዎቻችን አይሆንም። "ትልልቅ ባቄላ" ብለው የሚያቀርቡት የላ ግራንሃ ወጥ የጾም ይመስላል፤ አይደለም፣ የአሳማ ቋሊማና ጆሮ ገብቶበት ነው የሚበስለው። ከማዘዛችሁ በፊት "ሲን ሴርዶ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። የጾም ቀን ከሆነ ሰላጣና ዳቦ እዘዙ፤ ዳቦው ደግሞ ጥሩ ነው።