ፈረስ መታከኩን አይተውም፤ እናንተ ግን እነዚህን ተዉ

ቆዳው የሚበላው ፈረስ ሳይታከክ አይውልም። መታከኪያ ካላዘጋጃችሁለት ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ የአጥሩን ሽቦ፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የውሃ ገንዳውን ጠርዝ፣ ማታ ማንም ያላስገባውን የእጅ ጋሪ። እናንተ የምትወስኑት ምን ላይ እንደሚታከክ ብቻ ነው። ጀማሪዎች ይህን ሲሰሙ ሮጠው ሄደው ፈረሱ እንዲታከክበት የመጥረጊያ ብሩሽ ግድግዳ ላይ በምስማር ይመታሉ። ደስ ይለኛል። ግን ስህተቶቹ ሁሌም ያው ናቸው፣ አንዱን እኔም ሠርቼዋለሁ።

ከሁሉም የሚያንጨረጭረኝ ፊቱ ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያ ሳያወልቁ መልቀቅ ነው። እባካችሁ አውልቁት! “ጠዋት ለመያዝ እንዲቀለኝ ነው” ይሉኛል። ፈረስ ፊቱንም ይታከካል። ጉንጩን ምሰሶ ላይ ሲያሽ ማሰሪያው የብሩሹ ጠርዝ ላይ ወይም የበሩ መንጠቆ ላይ ይያዛል። ከዚያ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ቆሞ አይጠብቃችሁም። ጭንቅላቱ ሲያዝ የሚደነግጥ እንስሳ ነው፤ 500 ኪሎ ገደማ ክብደቱን ይዞ ወደ ኋላ ይወረወራል። የናይሎን ማሰሪያ ደግሞ በቀላሉ አይበጠስም። ስለዚህ ወይ ምሰሶው ይነቀላል፣ ወይ አንገቱ ይጎዳል። ውርንጭላ ሲሆን ይብሳል፤ ጆሮውን በኋላ እግሩ ሊያክ ሲል ሰኮናው ማሰሪያው ውስጥ ይገባና በሦስት እግሩ ቆሞ ይቀራል፣ ከዚያ ይወድቃል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተጠላለፈ ውርንጭላ ለማላቀቅ ቢላ ይዤ ሮጫለሁ፣ ድጋሚ ማየት አልፈልግም። የግድ ማሰሪያ ይኑረው ካላችሁ ሲጎተት የሚበጠስ ቀጭን የቆዳ ክፍል ያለው ይሁን። ለመያዝ አስቸገረኝ የምትሉ ከሆነ ግን አያያዙን አስተምሩት።

አሁን የራሴን ልናገር። ጠንካራ የፕላስቲክ ፀጉር ያለው የመጥረጊያ ራስ ገዛሁ፣ ከፊት በኩል በብሎን ምሰሶው ላይ አሰርኩት። የብሎኑ ራስ በፀጉሩ መሀል ተደብቋል፣ አይታይም። ዳማው ፈረሴ ወዲያው ወደደው። ከወራት በኋላ ዳሌው ላይ ሁለት ቀጭን ጭረት አየሁ፣ አንዱ ከሌላው ጎን ለጎን፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሁለት ቀን ሙሉ አጥሩን በእጄ እየዳሰስኩ ሽቦ ፈለግሁ። መጨረሻ ላይ ብሩሹን አየሁት። ዳሌው በሚደርስበት በኩል ያለው ፀጉር ተበልቶ አልቋል፣ ሁለቱ የብሎን ራሶች ወጥተዋል፣ አንዱ ላይ ቀይ ፀጉር ተጠምጥሟል። ለካ ራሴ ነኝ ያሰርኩለት። ከዚያ ወዲህ ብሎን የማስገባው ከጀርባ በኩል ነው፣ ጫፉም በፊት እንዳይወጣ ርዝመቱን ለክቼ። ያ ካልተቻለ የብሎኑን ራስ እንጨቱ ውስጥ አሰምጠዋለሁ። በየሳምንቱም መዳፌን አሳልፍበታለሁ፣ ዓይን ይሸወዳል። ፀጉሩ ግማሽ ሲደርስ መቀየር ነው። የሽቦ ብሩሽስ? አታስቡት።

ብሩሹ የሚገባበትን ከፍታ በግምት አትወስኑ። መጀመሪያ አጥሩንና ዛፉን ዞራችሁ እዩ፣ የፈረሱ ፀጉር የተጣበቀበት ቦታ ይነግራችኋል።

ምሰሶ ከተከላችሁ ከርዝመቱ ሲሶው መሬት ውስጥ ይግባ፣ ካልሆነ በሳምንት ውስጥ ያዘምመዋል። ክሬኦሶት (እንጨት እንዳይበሰብስ የሚቀባ ፈሳሽ) ወይም የተቃጠለ ዘይት የተቀባ እንጨትና አሮጌ ቀለም ይቅርባችሁ፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ይልሰዋልም። ጥግ ውስጥም አትትከሉት። ጉልበተኛው መጥቶ ደካማውን ጥግ ካስያዘው ርግጫ አለ። መንጋ ካላችሁ ሁለት ቦታ አድርጉ፣ አንዱን አንድ ፈረስ ይዞ ሲጠብቀው ሌላው እንዲያገኝ። ለላም የተሠራውን የሚሽከረከር ብሩሽ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታምጡ፣ ረጅም ጋማና ጭራ ይጠመጠምበታል።

ሌላው ትልቁ ጣጣ መታከኪያውን መድኃኒት ማድረግ ነው። ብሩሽ እፎይታ ይሰጣል እንጂ የሚበላውን ነገር አያጠፋም። የት እንደሚታከክ ልብ በሉ። በሞቃት ወራት ጋማውንና የጭራውን ሥር እስኪመለጥ የሚያሽ ከሆነ በጣም ትናንሾቹን ተናካሽ ዝንቦች ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ የሚበሩት ንጋትና ምሽት ላይ ነው፣ ጉልበታቸውም ደካማ ነውና በዚያ ሰዓት ጋጣ ውስጥ አስገብቶ ፋን መክፈት ይጠቅማል። ጭራውን ብቻ የሚያሽ ከሆነ ሆዱ ውስጥ ያለ ትል ሊሆን ይችላል። ሴቷ ትል ወጥታ ፊንጢጣው ዙሪያ በሚጣበቅ ፈሳሽ እንቁላል ትጥላለች፣ የሚበላው ያ ነው። እንቁላሉ ደግሞ ምሰሶውና ብሩሹ ላይ ይራገፋል፣ ሌላው ፈረስ መጥቶ ይልሰዋል። ስለዚህ ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት፣ ጨርቁን ጣሉት፣ ብሩሹንም እጠቡ። እግሩን እየረገጠ የሚያክ ከሆነ እከክ አምጪ ተባይ ይኖርበት ይሆናል። ረጅም ፀጉር በሚያወጣበት ቀዝቃዛ ወቅት ደግሞ ጋማውን ገልጣችሁ ቅማል ፈልጉ። ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠና የሚቀረፍ ቆዳ ካያችሁ ግን ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ከፈረስ ወደ ፈረስ በብሩሹ ይተላለፋል፣ ወደ እናንተም ጭምር። ሐኪም እስኪያየው የጋራውን ብሩሽ ንቀሉት። ቆዳው ቆስሎ እየደማም እየታከከ ከሆነ እንዲሁ።

ብሩሽ አለው ብላችሁ ደግሞ ፈረሱን ለብቻው አታስቀምጡት። ፈረሶች እከክልኝ ልከክልህ ያውቃሉ፤ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን ጫንቃ በጥርሱ ያክለታል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት በካማርግ ፈረሶች (የደቡብ ፈረንሳይ ዝርያ) ላይ ይህን ቦታ ሲያኩላቸው የልብ ምታቸው ቀስ እንደሚል አሳይቷል። ጓደኛ ከሌለው እናንተው በጣታችሁ ጫንቃው ላይ እከኩለት። የላይኛው ከንፈሩ መርዘምና መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቦታውን አግኝታችኋል ማለት ነው። ውለታ ሊመልስ ጥርሱን ወደ ትከሻችሁ ሲያመጣ ግን ፈቀቅ በሉ።