የቤት ብድርን «ለሕዝብ ጥቅም» መውሰድ፦ ስለ ሪችመንድ ዕቅድ ሲነገር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ማዶ የምትገኘው የሪችመንድ ከተማ አስተዳደር የ624 የቤት ብድሮችን ለያዙና ክፍያቸውን ለሚሰበስቡ ተቋማት ብድሮቹን እንዲሸጡለት የሚጠይቅ ደብዳቤ ላከ። ከንቲባዋ ጌይል ማክላፍሊን ተቋማቱ በስምምነት ካልሸጡ ከተማው ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም የመውሰድ ሥልጣኑን ሊጠቀም እንደሚችል አልሸሸጉም። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ የቤት ዋጋ እጅግ በመውደቁ በርካታ የከተማዋ ነዋሪዎች ቤታቸው ከሚያወጣው በላይ ዕዳ ተሸክመው ነበር። ዕቅዱን ያመነጩት ሞርጌጅ ሪዞሉሽን ፓርትነርስ የተባለ የግል ድርጅትና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የሕግ ፕሮፌሰር ሮበርት ሆኬት ናቸው። ጉዳዩ ዛሬም ሲነሳ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ።

ቀዳሚው ስህተት ከተማው የሚወስደው ቤቱን ነው ብሎ ማሰብ ነው። በአገራችን «ለሕዝብ ጥቅም» ሲባል ወዲያው የሚታወሰው የልማት ተነሺ፣ ካሳና ምትክ ቦታ ስለሆነ ይህ አይገርምም። የሪችመንድ ዕቅድ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ባለቤቱ ከቤቱ ንቅንቅ አይልም፤ የሚወሰደው አበዳሪው በእጁ የያዘው የብድር ውል ነው፤ ዓላማውም ብድሩን በርካሽ ገዝቶ የባለቤቱን ዕዳ መቀነስ ነበር። ውል በእጅ የማይዳሰስ ንብረት ቢሆንም የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 የኦክላንድ ከተማ ሬይደርስ የተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከተማዋን ለቆ እንዳይሄድ ቡድኑን ለመውሰድ ስትሞክር በተነሳው ክርክር እንዲህ ያለ ንብረትም በዚህ ሥልጣን ሊወሰድ እንደሚችል ወስኗል። ይህን ውሳኔ የሚጠቅሱ ብዙዎች ግን ተከታዩን ይዘሉታል፦ ኦክላንድ በመጨረሻ ተሸንፋለች፤ ምክንያቱም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እርምጃው በግዛቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የሚያውክ ሆኖ አግኝቶታል። የሪችመንድ ተቃዋሚዎችም ይህንኑ መከራከሪያ አንሥተዋል።

ሌላው ስህተት ማንኛውም ባለዕዳ በዕቅዱ ይታቀፋል ብሎ መጠበቅ ነው። ዕቅዱ ያነጣጠረው ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የተባሉት፣ የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዙ በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ ተቋማት በያዟቸው ብድሮች ላይ ሳይሆን በዎል ስትሪት ተቋማት ተጠቃለው ለባለሀብቶች በሰነድ መልክ በተሸጡት ላይ ነበር። እነዚህ ብድሮች በአንድ አበዳሪ እጅ አይደሉም፤ በየአገሩ የተበተኑ ሰነድ ገዢዎች የጋራ ንብረት ናቸው። ብድሮቹን በሰነድ ገዢዎቹ ስም የሚይዘው ባለአደራ ባንክም ሆነ ክፍያ ሰብሳቢው ዕዳውን ለመቀነስ ወይም ብድሩን ለመሸጥ ቢፈልግ እንኳ ብድሮቹ የተጠቃለሉበት ውል እጁን ያስረዋል፤ ውሉን ለማሻሻል ደግሞ እጅግ ብዙ የሰነድ ገዢዎች ድምፅ ያስፈልጋል። የሆኬት ሐሳብ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ማንም ሊፈታው ያልቻለውን ቋጠሮ መፍታት የሚችለው ከውሉ ውጭ ያለ የመንግሥት ሥልጣን ብቻ ነው የሚለው ክርክራቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

ደካማው ጎን የዋጋው ጉዳይ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ስህተትም ይህን እንደ ዝርዝር ነገር ማለፍ ነው። በወቅቱ በስፋት በተጠቀሰው ምሳሌ መሠረት የ400,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ቤት ዋጋው ወደ 200,000 ወርዷል እንበል። ከተማው ብድሩን በ160,000 ይገዛል፤ ባለቤቱ በ190,000 ዶላር አዲስ ብድር ይዋዋላል፤ በመካከል ያለው 30,000 ዶላር ለወጪዎች፣ ለከተማው፣ ገንዘቡን ላቀረቡት ባለሀብቶችና ለአማካሪው ድርጅት ለሞርጌጅ ሪዞሉሽን ፓርትነርስ ይከፋፈላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ ንብረቱ ለተወሰደበት ሰው ፍትሐዊ ካሳ እንዲከፈለው ያዛል። ለወራት ሳይከፈል ለቆየ ብድር 160,000 ዶላር ተገቢ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ከተመረጡት ብድሮች አብዛኞቹ ግን ወር በወር የሚከፈሉ ነበሩ። በሰዓቱ የሚከፈልን ብድር ከቤቱ ዋጋ በታች መተመን ለፍርድ ቤት ማስረዳት አዳጋች ነው፤ «ቤታቸውን ሊነጠቁ የተቃረቡትን ለመታደግ» የሚለውንም ምክንያት ያሳሳዋል። የዕቅዱ ደጋፊዎች ይህን ጥያቄ በግልጽ ቢጋፈጡት ይሻል ነበር።

ሪችመንድ ሥልጣኑን ተጠቅማበታለች፣ ወይም ባንኮቹን በፍርድ ቤት ረትታለች የሚለውም ስህተት ነው። ዌልስ ፋርጎና ዶይቼ ባንክ በባለአደራነታቸው ክስ ሲመሠርቱ ዳኛ ቻርልስ ብሬየር መዝገቡን የዘጉት ከተማው ገና ምንም ስላልወሰደ ጉዳዩ ለፍርድ አልደረሰም በሚል ነው፤ ስለ ዕቅዱ ሕጋዊነት አንዳች አልወሰኑም። የከተማው ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2013 በ4 ለ3 ድምፅ ሐሳቡ እንዲቀጥል ቢወስንም፣ ሥልጣኑን በተግባር ለማዋል ከሰባቱ አባላት የአምስቱ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ያ ቀን ሳይመጣ ቀርቷል። ሐሳቡን ከሪችመንድ ቀድሞ ያጠናው የሳን በርናርዲኖ ካውንቲም በጃንዋሪ 2013 ትቶታል።

የከተማ አስተዳደር ብቻውን ሊወጣው ይችላል ብሎ መገመትም አያዋጣም። ፋኒ ሜይንና ፍሬዲ ማክን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በኦገስት 2013 ክስ ሊመሠርት እንደሚችልና ሁለቱ ተቋማት እንዲህ ባለ ከተማ ማበደራቸውን እንዲገድቡ ወይም እንዲያቆሙ ሊያዝ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ኮንግረስም በ2014 መጨረሻ ባወጣው የበጀት ሕግ በዚህ ሥልጣን ለተወሰዱ ብድሮች ምትክ የሚሰጥ አዲስ ብድር የፌዴራል ዋስትና እንዳያገኝ ከለከለ። ባለቤቱ ወደ አዲሱ ብድር የሚሻገረው በዚያ ዋስትና ስለነበር ክልከላው የዕቅዱን መሠረት ነካ።

የመጨረሻው ስህተት የባለዕዳው የራሱ ነው፤ ከተማው ይደርስልኛል ብሎ ክፍያ ማቆም ወይም ከባንኩ የመጣን ደብዳቤ ሳይከፍቱ ማስቀመጥ። በአሜሪካ የሚኖር ባለቤት በሕግ የተሰጠው ጊዜ አለው። በፌዴራል ደንብ መሠረት፣ በአብዛኛው፣ ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ሳይዘገይ ቤቱን የመውሰድ ሂደት ሊጀመር አይችልም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ብድሩ እንዲስተካከል የቀረበ የተሟላ ማመልከቻ በመታየት ላይ እያለ ሂደቱን መግፋት የተከለከለ ነው፤ «የተሟላ» የሚለው ቃል ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ፣ የደመወዝ ደረሰኙም የባንክ መግለጫውም የግብር ሰነዱም አብሮ መላኩን፣ የተላከበት ቀንም በጽሑፍ መያዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር ዕውቅና ያላቸው አማካሪዎች ቤቱን ሊያጣ ለተቃረበ ሰው ይህን ሁሉ ያለክፍያ ያግዛሉ። «ብድርህን አስቀንስልሃለሁ» ብሎ ሥራውን ሳይጀምር ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት፣ ወይም የቤቱን ባለቤትነት «ለጊዜው» በስሜ አዙርልኝ የሚል ሰው ካጋጠመ፣ ቋንቋችንን ቢናገር እንኳ፣ ምንም ሳይፈርሙ ወረቀቱን ለእነዚሁ አማካሪዎች ማሳየት ይገባል።